ቁራሌው፣ መሮው አይሸጥም

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። “ቁራሌው! ቁራሌው!” የሚለው ድምፅ የግቢያችን በር ላይ ሲደርስ እማዬ ከአልጋ ሥር አንድ ማዳበሪያ ጎትታ አወጣች። ማዳበሪያው ከባድ ነው፤ ሲጎተት ይንቋቋል። ውስጡ አምስት መሮ፣ ሁለት የመዶሻ ራስ፣ አንድ መጥረቢያ፣ ሦስት ሞረድና አንድ መላጊያ አለ። የአባታችን ናቸው። አባታችን አናጢ ነበሩ፤ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ከዚያ ወዲህ ዕቃቸውን የነካው ሰው የለም፤ ነቀዝ ግን ነክቶታል። እንጨት እንጨቱን በልቶ ብረቱን ትቶልናል።

ቁራሌው ማዳበሪያውን በተንጠልጣይ ሚዛኑ ሰቀለና “ሰባት ኪሎ” አለ።

“መሮ እኮ ነው!” አልነው።

ልጁ አንዱን አንሥቶ አገላብጦ አየው። “እህቴ፣ እጀታ የለውም እኮ። እጀታ ከሌለው ያው ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ በኪሎ ነው።”

ተናደድን። ቆየት ብለን ስናስበው ግን ልጁ ልክ ነው። መሮን መሮ የሚያደርገው፣ መዶሻን ከብረት ቁራሽ የሚለየው ያቺ አንድ ስንዝር እንጨት ናት። ያቺ እንጨት ስትሞት ብረቱም አብሮ “ቁራሌ” ይሆናል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያች አንድ ስንዝር እንጨት ነው። (“እኛ” ስንል ይህችን የምትጽፈዋ ልጅና ታናሽ ወንድሟ ማለታችን ነው። ብዙ መስለን መታየት ስለምንወድ አይደለም፤ ማዳበሪያውን የተሸከምነው ለሁለት ስለነበር ነው።)

ቁራሌውን ባዶ እጁን ሸኘነው። እማዬ ተቆጣች። “ምን ልታደርጉት ነው? ሙዚየም ልትከፍቱ?” አለች። መልስ አልነበረንም። አንደኛችን ጋዜጠኝነት ተመርቀናል፣ ሌላኛችን ሒሳብ አያያዝ እየተማርን ነው። መሮ በየት በኩል እንደሚያዝ ከማወቅ አንዳችንም አልፈን አናውቅም። አባታችን በመሮ አስተምረውን፣ ተምረን መሮ የማናውቅ ሆነን!

እስቲ እንጠይቃችሁ፤ “ዛቢያ” የሚለውን ቃል ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? የምሳርና የመጥረቢያ እጀታ ማለት ነው። ለአሥር ጓደኞቻችን ጥያቄውን አቀረብንላቸው። ሁለቱ የሰው ስም መሰላቸው። አንዷ “አዲስ የተከፈተ ካፌ ነው?” አለችን። “የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል” የሚለውን ተረት ግን አሥሩም ያውቁታል። ተረቱ ተርፎ ምሳሩ ወደቀ ማለት ነው።

ፍለጋ ወጣን። መጀመሪያ የሄድነው የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ነው። ሻጩ እጀታ ለብቻው እንደማይሸጥ ነገረንና እጀታው ቢጫ ፕላስቲክ የሆነ አዲስ መሮ አወጣልን። “ይኼ እያለላችሁ ምን አሮጌ ያንከራትታችኋል?” አለን። ዋጋው ርካሽ ነው፤ አንዋሽም። ቀጥለን ቶርኖ ቤት ሄድን። የመኪና ዘንግ የሚያስተካክሉ ወጣቶች ናቸው፤ በትህትና አስተናገዱን። ግን እንጨት አይነኩም። የእንጨት ብናኝ ከማሽኑ ዘይት ጋር ሲቀላቀል ጭቃ ሆኖ ሥራ ያበላሽባቸዋል። ሁለተኛው ቶርኖ ቤትም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ጋ ያለው ልጅ ግን አዘነልንና ከመርካቶ ወረድ ብሎ የእንጨት ቶርኖ ያላቸው አንድ ሽማግሌ እንዳሉ ጠቆመን።

(በነገራችን ላይ ቶርኖ የጣልያንኛ ቃል ነው። ካቻቢቴም፣ ፒንሳም፣ ሞርሳም እንዲሁ። ጣልያንን አባርረን ቃሉን አስቀርተነዋል፤ እንዲያውም ደግ አደረግን። የሚያሳዝነው አሁን ዕቃውን አባርረን ቃሉን ብቻ ልናስቀር መሆኑ ነው።)

ሽማግሌውን “ጋሼ” እንበላቸው። ስማቸውን እንድንጽፍ አልፈለጉም። ማዳበሪያውን ወለሉ ላይ ሲዘረግፉት መሮዎቹን አንድ በአንድ አንሥተው በጥፍራቸው ጠርዙን ዳሰሱ፤ ከዚያ አንዱን በሌላው መታ አድርገው ድምፁን ሰሙ። “ይኼ ደህና ብረት ነው” አሉ። “ዝገቱ ላይ ላዩን ነው። የማን ነው?” ነገርናቸው። ነፍስ ይማር ብለው ዝም አሉ። ቀጥለው ከሞረዶቹ አንዱን ያነሡና፣ “እጀታ ሳይኖረው ነው የሚሠሩበት የነበረው?” ብለው ጠየቁ።

ይኼ ጥያቄ አንድ ነገር አስታወሰን። አባታችን ቀኝ መዳፍ መሐል ላይ ክብ ጠባሳ ነበር። ልጆች ሳለን “ምንድን ነው?” ስንላቸው “ሞረድ ነከሰኝ” ይሉን ነበር። ቀልድ ይመስለን ነበር። ለማያውቅ እናስረዳ፤ የሞረድ መጨረሻው እንጨት ውስጥ እንዲገባ የተሠራ ሹል ጭራ ነው። እጀታ ካልተደረገለትና ሞረዱ በድንገት ከተደናቀፈ፣ በሙሉ ኃይል የሚገፋው እጅ ጭራው ላይ ይሰካል። የዚያ ጠባሳ ዋጋ አንዲት የእንጨት ቁራጭ ነበረች። እጀታ ለጌጥ የሚደረግ የሚመስላችሁ ካላችሁ የአባታችንን መዳፍ አስቡ። ሲወዛወዝ የቆየ የመዶሻ ራስ ተላቅቆ ሲበር ማንን እንደሚያገኝም አስቡ።

አሁን ሥራውን እንንገራችሁ፤ እኛ አፋችንን ከፍተን ነው ያየነው።

እንጨቱ የአሮጌ አልጋ እግር ነው፣ ወይራ። ጋሼ እርጥብ እንጨት አይነኩም። ምክንያቱን ሲያስረዱን የዩኒቨርሲቲ መምህሮቻችን ሁሉ እንደሳቸው ቢያስረዱን ኖሮ ብለን ተመኘን። እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ ብዙም አያጥርም፤ በወርዱ ነው የሚከሳው። ዛሬ እርጥቡን ብትገጥሙት ዛሬ ይጠብቃል፣ ከወር በኋላ ግን ከስቶ ይላቀቃል። ያኔ ብዙ ሰው መጥረቢያውን ባልዲ ውሃ ውስጥ ይነክራል። እንጨቱ ያብጥና ለጊዜው ይጠብቃል፤ ግን ብረቱ ዙሪያውን ስለያዘው የሚያብጥበት ቦታ የለውም፤ ጭረቶቹ እርስ በርስ ተጨፍልቀው ይቀራሉ። ሲደርቅ ከበፊቱም ብሶ ይላላል። “ውሃ ብድር ነው፣ በወለድ ነው የሚያስከፍልህ” አሉ ጋሼ፣ ወንድማችንን እያዩ። ሒሳብ አያያዝ መማሩን ነግረናቸው ነበርና።

ከዚያ የአልጋው እግር በመጋዝ ተቆረጠ። በሁለቱ ጫፎች ከጥግ ወደ ጥግ መስመር አስምረው መሐሉን ለዩ፤ መሐሉ ከተሳሳተ ሁሉም ነገር ይንቀጠቀጣል። ቶርኖው ላይ ወጥረው ሞተሩን ሲያስነሡት አራት ማዕዘኑ እንጨት በአየር ላይ ጥላ መሰለ። መሮውን መደገፊያው ላይ አስደግፈው ሲያስጠጉት ፍቅፋቂው እንደ ጥብጣብ እየተጠቀለለ ይወጣል። መጀመሪያ “ጠቅ ጠቅ ጠቅ” ይላል፤ ክብ ሲሆን ድምፁ ይለሰልሳል። ጋሼ ዓይናቸውን ሌላ ቦታ አድርገው በጆሮ ነው የሚሠሩት። በዚህ መሐል መብራት ጠፋ። የት አለና የማይጠፋ! አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ሻይ መጣ።

መብራቱ ሲመለስ ከአሮጌ የውሃ ቧንቧ ቀለበት ቆርጠው በእጀታው አንገት ላይ አጠለቁ። ይህች ቀለበት ከሌለች ጭራው እንደ ሽብልቅ ሆኖ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። የጭራውን ቀዳዳ በአንድ ወፍራም መብሻ አልበሱትም። ጭራው ወደ ጫፉ ስለሚቀጥን ቀዳዳውም መግቢያው ላይ ሰፋ፣ ወደ ውስጥ ጠበብ እንዲል በሦስት መጠን በሱት። አንዳንዱ ሰው ጭራውን እሳት ላይ አግሎ እንጨቱን እያቃጠለ ይሰካል። ፈጣን ነው፤ ግን የከሰለው እንጨት ውሎ አድሮ ይረግፍና እጀታው ይላላል፤ ሙቀቱ ወደ ስለቱ ከዘለቀ ደግሞ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል። መጨረሻ ላይ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው የተልባ ዘይት አጠጡት። ቫርኒሽ ለምን አይቀቡትም ብንላቸው “እጅ ያልባል፤ ቫርኒሽ መዳፍ ያቆስላል” አሉ። ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ደግሞ ጠቅልለን እንዳንጥለው አስጠነቀቁን፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ጊዜ ሊነድ ይችላል። ይህን አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠን አልሰማነውም።

መጥረቢያውንና መዶሻዎቹንም በቶርኖ ይሠሩልናል ብለን ነበር። ሳቁብን። በቶርኖ የወጣ ሁሉ ክብ ነው፤ ክብ እጀታ ደግሞ እጅ ውስጥ ይዞራል፣ የመጥረቢያው አፍ ወዴት እንደዞረ መዳፍ አይነግርህም። እነዚህ ሞላላ መሆን አለባቸው። በእጅ ይጠረባሉ፣ በመስተዋት ስባሪ ይፋቃሉ። እንጨቱ ሲመረጥም ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ክር ቀጥ ብሎ የወረደ መሆን አለበት፤ ጭረቱ በጎን ከወጣ እዚያው ቦታ ላይ ይሰበራል። ባሕር ዛፍማ ሲደርቅ መጠምዘዝና መሰንጠቅ ይወዳል፤ ለዚህ ነው ከአጥር የተነቀለ ባሕር ዛፍ አንስተን የምንሰካው ሁሉ ዓመት የማይቆየው።

እሺ፣ ይህን ሁሉ ለምን ነገርናችሁ? ከጋሼ በኋላ ይህን የሚያውቅ ሰው ስላጣን ነው። ጋሼ ተለማማጅ የላቸውም። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ሦስቱም ዲግሪ አላቸው። “ይኼን ሥራ አሳየኝ ያለኝ የለም” አሉን። ቅሬታ በሌለው ድምፅ ነው የተናገሩት፤ እኛን የከፋንም እሱ ነው።

እውነቱን እንናገር። ይህ አገር በእጁ የሚሠራን ሰው አይወድም። ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ጠይብ... እነዚህ የሙያ ስሞች ናቸው ወይስ ስድብ? ማረሻውን የሚያወጣለትን ሰው ገበሬው “ቡዳ” ይለዋል፤ ማረሻውን ግን ይወስዳል። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ግድም ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ ግን ዐዋጅ አይሰማም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ላሠሩት ለሴባስቶፖል መድፍ አደባባይ ላይ ምስል አቁመንለታል፤ ብረት የሚያቀልጠውን ሰው ልጅ ግን ለጋብቻ ስንጠየቅ ዘር ማንዘር እንቆጥራለን።

እኛ የተማርን ነን የምንለውስ? እኛ ደግሞ በሌላ መንገድ እንሳደባለን። “ቴክኒክና ሙያ ገባ” የሚለውን ዐረፍተ ነገር በምን ዓይነት ድምፅ ነው የምንናገረው? እንደ መርዶ አይደል? ማትሪክ የወደቀ የሚጣልበት ቦታ አድርገን ካየነው በኋላ፣ “ወጣቱ ሥራ ንቆ ነው” ብለን መልሰን ወጣቱን እንወቅሳለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። የቀሩትን በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠሩ ልጆች እጅ ምን እናድርገው? ስሙ ላይ “ክህሎት” የሚል ቃል ያለበት ሚኒስቴር ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ አለን። ቃሉ ጥሩ ነው። መሮ ግን በቃል አይገጠምም።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ እሱን ካላልን አይወጣልን። ባህላዊ ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሞፈርና ቀንበር፣ ማጭድና መንሽ! ከሥሩ ተቀምጠን ክትፎ እንበላለን፣ ፎቶ እንነሣለን። መሣሪያ ሲሞት ነው የምናከብረው፤ በሕይወት ሳለ እጀታ የሚሠራለት አጥቶ በኪሎ ይሸጣል፣ ከሞተ በኋላ ሚስማር ይመታለትና “ባህላችን” ይባላል። እማዬ “ሙዚየም ልትከፍቱ ነው?” ያለችን በቀልድ ነበር። ከተማው ግን በቁም ነገር እያደረገው ነው።

የሚቃወሙን አሉ፤ መልስ እንስጣቸው። አንድ ወዳጃችን ይህን ጽሑፍ ገና ሳንጨርሰው አነበበና “የናፍቆት ወሬ ነው” አለን። “ፕላስቲኩ ይረክሳል፣ ጊዜም ይቆጥባል።” ርካሽነቱን አልካድንም። አምስቱን እጀታ ለማሠራት የከፈልነው ገንዘብ ሁለት ርካሽ አዲስ መሮ ይገዛ ነበር። ከፈለጋችሁ ጉዟችንንና ሻዩን ጨምሩበት። ግን ሒሳቡ እዚያ ላይ አያልቅም። ያንን ቢጫ እጀታ ያለው መሮ ገዝተን ከአባታችን መሮ ጎን አንድ የወይራ ቁራጭ ላይ ሞከርነው። አዲሱ ከጥቂት ምት በኋላ ጠርዙ ታጠፈ። አሮጌው ጠርዙ እንዳለ ነው። አንድ ሙከራ ነው፣ ጥናት ነው አላልንም። ግን በየወሩ አዲስ መሮ የሚገዛ አናጢ እየቆጠበ ነው ወይስ በየወሩ እየተቀጣ? የምንዛሪ እጥረት አለ እየተባለ፣ ከአልጋ እግር የሚወጣን እጀታ ፕላስቲክ አድርገን በመርከብ የምናስመጣው ስለምን ነው?

ሌላው ተቃውሞ ቁም ነገር አለው፤ “እጀታ እንሥራ ስትሉ ዛፍ ቁረጡ ማለታችሁ ነው ወይ?” የሚል። አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ ከልካዩ ምክንያት ነበረው። ለእጀታ ግን ግንድ አያስፈልግም። አንድ የተሰበረ አልጋ፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ አንድ መቃን፣ ከወይራ ላይ የተገረዘ ቅርንጫፍ ይበቃል። ቡና የሚያመርቱ አካባቢዎች ያረጀውን የቡና ዛፍ ጎንድለው እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ያደርጉታል፤ የሚወድቀው ግንድ ጠንካራ እንጨት ነው፣ አብዛኛው ግን ምድጃ ውስጥ ይገባል። ክትክታን የገጠር ሰው ለእጀታ ሲጠቀምበት የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። እንጨቱ አለ። የጠፋው ዓይን ነው።

እና ምን ይደረግ ነው የምትሉት? ካላችሁን፣ ትልቅ ነገር አንጠይቅም። የሙያ ማሠልጠኛ ገብቶ እንጨት ሥራ የሚማር ልጅ በመጀመሪያው ወር የራሱን መሮ እጀታ ራሱ ሠርቶ ይግጠም፤ ሲመረቅም ያንኑ ይዞ ይውጣ። ሰፈር ፈርሶ ሲሠራ፣ ከሕንፃው ሥር ለካፌና ለሞባይል መሸጫ የሚሰጠው ቦታ ለአንድ ቶርኖም ይትረፍ። ቶርኖ ድምፅ አለው፣ ብናኝ አለው፣ ለዓይን አያምርም፤ ስለዚህ በፕላኑ ላይ አይሳልም። በፕላን ላይ ያልተሳለ ሰው ደግሞ “ተነሺ” ይባላል።

ይህን የምንለው በጨዋታ አይደለም። ጋሼ ያሉበት መደዳ ይነሣል ተብሏል። ቶርኖው ከሲሚንቶ ጋር የታሠረ ስለሆነ እንደ ወንበር አንሥተው የሚሄዱበት አይደለም። አዲስ ቦታ ተከራይተው፣ ሦስት ፌዝ መብራት አስገብተው፣ ደንበኛ እስኪያውቃቸው መጠበቅ አለባቸው፤ በሰባ ዓመታቸው። “ምን አሰቡ?” አልናቸው። “በኪሎ እሸጠዋለኋ” አሉን።

በቀጣዩ ቅዳሜ ቁራሌው ልጅ ተመልሶ መጣ። እማዬ ሐሳቧን ቀይራ ይሆናል ብሎ ነው። መሮዎቹን አውጥተን አሳየነው፤ ዘይት ጠጥተው ጠቆር ብለዋል። አንዱን ተቀብሎ በመዳፉ መዘነው፤ በሚዛኑ አይደለም። ምንም ሳይናገር ከማዳበሪያው ውስጥ አንድ የመዶሻ ራስ ፈልጎ አወጣ፤ ዕቃ የሚሰባብርበት የራሱ መዶሻ ነው፣ ከተሰበረበት ወር ሆኖታል፣ በድንጋይ ነው የሚሠራው። “ይኼን የት ነው ያሠራችሁት?” አለን።

ነገርነው። ከመርካቶ ወረድ ብሎ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው። “ግን ፍጠን፣” አልነው፣ “ሰኔ 30 ነው የሚነሡት።”